ያልተቀመሰው ዘይት

የሰባ ሰባቱ ሰኔ ሲገባ ገዳሪፍ ላይ በግ ከማርሽ ዘይት ይረክስ ነበር። ቀልድ አይደለም። ሣር ጠፍቷል፤ ባለከብቱ ከብቱ ሜዳ ላይ ሳይወድቅበት ነድቶ ገበያ ያወጣዋል፣ የሰጡትን ተቀብሎ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። ዘይትን ግን ከወደብ የሚያመጣ መኪና አልነበረም። መኪናው ሁሉ የእርዳታ እህል ጭኗል ይባላል፤ እህሉ ማን ዘንድ እንደደረሰ እግዜር ይወቅ። እንዲህ ባለው ዓመት መካኒክ መሆን መድኃኒት በሌለበት አገር ሐኪም መሆን ነው። በሽታውን ታውቀዋለህ፣ የምትሰጠው የለህም።

እንግዳው መካኒክ ነበር። ከጭልጋ ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ እዚያው የቀረ፣ ያዕቁብ ከሚባል የከሰላ ሽማግሌ ሙያ የቀሰመ ሰው ነው። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከአንዲት የኒም ዛፍ ሥር የራሱ ወርሻ አለው። በዚያ አገር ጋራዥን ወርሻ ይሉታል፤ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ያለው አንድ ክሪክ፣ አንድ ሣጥን ቁልፍና የዛፏ ጥላ ነው። ሚስቱን ውዴንና እናኑ የምትባለውን ልጁን አገር ቤት ትቷቸው መጥቷል። «ለዓመት አመጣችኋለሁ» እያለ ይልክባቸው ነበር። ዓመቱ በመጣ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድላል። በመጨረሻ ረኀቡ ቀደመው።

ወሬውን ያመጣው ታምሬ ነው፤ ያገሩ ልጅ፣ በድንበሩ ከተማ በገላባት በኩል ባለ እርሻ የቀን ሥራ የሚሠራ።

«ውዴን ገላባት አየኋት» አለው፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ። «ልጅቱን አዝላ በእግሯ ነው የመጣች። ከኬላው አጠገብ ያለው ዳስ ውስጥ ተኝታለች። እግሯ አብጧል። ልጅቱንም ተቅማጥ ይዟታል።»

«የሚበላ ይሰጧቸዋል?»

«አንዳንድ ቀን። አንድ ሐኪምም አለ። ሎሪ እየመጣም ሰው ይጭናል።»

ሎሪ ሲባል እንግዳው ደነገጠ። ሎሪው የጫነውን ሰው የት እንደሚያራግፈው የሚያውቅ አልነበረም። ባል አንዱ መጠለያ ሚስት ሌላው መጠለያ ወድቀው ሲፈላለጉ የከረሙ ሰዎች በየቀኑ ወርሻው ድረስ እየመጡ «እንዲህ ያለች ሴት አላያችሁም?» ይሉታል። አላየም። አንዳቸውም ሲገናኙ አላየም።

«ስትመለስ ንገርልኝ» አለው ታምሬን። «ከዚያች ዳስ ንቅንቅ እንዳትል። ሎሪ ላይ እንዳትወጣ። እኔ ራሴ በመኪና መጥቼ አነሣታለሁ።»

መኪና ግን አልነበረውም።

መኪናዋ የመጣችው በጀማሉ በኩል ነው። ጀማሉ ጎንደር ተወልዶ ገዳሪፍ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ፣ ከእንግዳው ጋር ሲገናኙ ሳይሰዳደቡ የማይለያዩ ወዳጁ ነው። ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ከገላባት በርበሬ ላምጣ ብሎ ሙዘይን ከሚባል ነጋዴ አንዲት አሮጌ ቶዮታ ገዛ፤ ከፊት ሰው፣ ከኋላ ጭነት የምትይዘውን፣ ሱዳኖች ቦክስ የሚሏትን። ገዝቶም በቀጥታ ኒሟ ሥር አመጣት።

«ይችን አድንልኝና ውዴንና ልጅቱን ከበርበሬው በላይ አስቀምጬ አመጣልሃለሁ» አለው።

«ከበርበሬው በላይ ካስቀመጥሃቸውማ መኪናም አያሻቸው፣ በማስነጠሱ ብቻ ተወንጭፈው ገዳሪፍ ይደርሳሉ።»

«አብረኸኝ ትሄዳለህ እንጂ! መንገድ ላይ ብትቆም ማን ሊያስነሣልኝ ነው?»

እንግዳው ሳቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቀው ያን ቀን ነው።

ቦክሷ ሁለት በሽታ ነበረባት። መሪዋ ሲዞር ትንቋቋለች፤ ጥግ ድረስ ሲጠመዘዝ ደግሞ ታቃስታለች። ማርሿ ከሁለት ወደ ሦስት ሲገባ ይንገጫገጫል፣ እሱም ሁልጊዜ አይደለም። ጠዋት ስትነሣ ደኅና ናት። ከተማውን ዞራ ስትመለስ ነው የምትጀምረው።

ከሚጮኸው ጀመረ። ጀማሉን መሪው ላይ አስቀምጦ እሱ ከሥር ገባ።

«አዙር። ወደ ግራ። መልስ። ኧረ ዝም ብለህ አዙር፣ ወሬህን ተውና!»

ጀማሉ ሲያዞር እንግዳው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በመዳፉ ጨብጦ ይይዛል። የታመመ መጋጠሚያ መዳፍን ይመታል፤ ጤነኛው ይዞራል እንጂ አይመታም። ይህን ያስተማረው ያዕቁብ ነው። አንዱን ለቆ አንዱን እየያዘ በቀኝ በኩል ካለው የመሪው ክንድ ሲደርስ፣ መታው። ውስጡ ያለው ጎማ ተበልቶ አልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል። መለዋወጫ ፈልግ ቢባል ከየት ያመጣዋል? ከተጣለ የሎሪ ጎማ ቆረጠ፣ አለዘበ፣ በሞረድ ክብ አደረገው፣ በግራሶ ለውሶ አስገባው። ቀኑ በዚህ አለቀ። ጀማሉ እንደገና ሲያዞረው መሪዋ ድምፅ አልነበረውም። እንግዳው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ደረቱን ነፋ፤ ቢነፋም ይገባዋል።

በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ካምቢዮው ነው፤ ማርሾቹ ያሉበት ሣጥን። የጎኑን ብሎን ፈትቶ ጣቱን ሰደደ። ዘይት አለው። ጥቁር ነው፣ ወፍራም ነው። አሸተተው። የማርሽ ዘይት የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ክርፋት አለው፤ ይኸም አለው፣ ጥቂት ቢሆንም አለው። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል አሻሸው። አንድ ነገር ደስ አላለውም፤ ምን እንደሆነ ግን ጣቱ ሊነግረው አልቻለም።

ያዕቁብ ለዚህ ሕግ ነበረው። «ጆሮ ያገኛል፣ ጣት ይመዝናል፣ ምላስ ይፈርዳል» ይል ነበር። እውነተኛ የማርሽ ዘይት ምላስ ላይ ይመርራል። ሞራ የተቀላቀለበት ግን እንደ ወጥ ምላስ ላይ ይተኛል። ያን ዓመት ደግሞ ዘይት ያጣ ሾፌር ሁሉ የከብት ሞራ እያቀለጠ ካምቢዮ ውስጥ ይጨምር ነበር። ሞራ ሲቀዘቅዝ ይወፍርና ማርሹን ዝም ያሰኘዋል፤ መንገድ ላይ ሲግል ውኃ ይሆንና ብረቱን ራቁቱን ይተወዋል። ምላስ ብቻ ነው አስቀድሞ የሚያውቀው።

እንግዳው ጣቱን ወደ አፉ አደረሰና ተወው።

ጾም ነው። የሰኔ ጾም። ባላገሩ የሰኔን ጾም ለቄሶቹ ከተወው ቆይቷል፤ እንግዳውም ሌላ ጊዜ ጾሞት አያውቅም። ዘንድሮ ግን ታምሬ ወሬውን ባመጣ ዕለት ለቅዱስ ሚካኤል ተስሏል። «ውዴንና እናኑን በሕይወት አገናኘኝ፣ እኔም አንዲት ቀን ሳልገድፍ እጾማለሁ» ብሏል። ይህ ነገር ሞራ ቢሆንስ? ያውም በእስላም ቢላ የታረደ ከብት ሞራ፣ ፍስክ ቢሆንም የማይነካው። ሚስቱንና ልጁን ሊያነሣ በሚወጣበት ቀን ስለቱን ሊያፈርስ ነው?

«ጀማሉ፣ እስቲ ና። ይህን ቅመስልኝ።»

«ምኑን?»

«የካምቢዮውን ዘይት። ሞራ ይኑረው አይኑረው ንገረኝ። ዋጠው አላልሁህም፣ ትተፋዋለህ።»

ጀማሉ ወደኋላ አፈገፈገ። «አስተግፊሩላህ! ረመዳን መሆኑን ረሳኸው? እኔ ምራቄን ፈርቼ የምውጥ ሰውዬ፣ አንተ ጾሜን በመኪና ዘይት ልታስፈርሰኝ ነው? ራስህ አትቀምሰውም?»

«እኔም ጾመኛ ነኝ።»

«የሰኔን? ከመቼ ወዲህ ቀሰስህ?»

«ስለት ነው።»

ጀማሉ የስለቱን ነገር ሲሰማ ቀልዱን ተወ። ስለማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገውም። ያን ዓመት በዚያ አገር ወዶ የሚጾም ሰው ማግኘት ራሱ ጉድ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ሆነው አንዲት መኪና ላይ ተገናኙ።

«ሙዘይን ሲሸጥልህ ምን አለህ?»

«ካምቢዮዋ ንጹሕ ነው አለኝ። ጾም በያዘ አፌ አልዋሽም አለኝ።»

«እንግዲያ አይዋሽም።»

ሙዘይንም አልዋሸም። ከአንድ የእርሻ ሾፌር ላይ ገዝቷት ብሎኗን ፈትቶ አይቶ የማያውቅ ሰው ያመነውን ነው የተናገረ። ሾፌሩም ቢሆን ዘይት ቢያጣ ያገኘውን ጨመረ። በዚህ ነገር ውስጥ የምትረግሙት ሰው ፈልጋችሁ እንደሆነ አታገኙም፤ እኔም ፈልጌ አጥቻለሁ።

«ፀሐይ እስክትገባ ጠብቀኝ» አለ ጀማሉ። «ካፈጠርሁ በኋላ ጣሳውን ሙሉ ብትለኝ እቀምስልሃለሁ።»

እንግዳው በገላባት በኩል ያለውን ሰማይ አየ። ጠቁሯል። የዚያ አገር ጥቁር መሬት አንድ ዝናብ በቅጡ ከጠጣ ሎሪ ይውጣል፤ ክረምቱ ካልወጣም አይተፋውም። ጀማሉ አንዲት ጣሳ የሞተር ዘይት ነበረችው። እንግዳው ሞራ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ በካምቢዮው ያለውን አፍስሶ እሷን በጨመረ፣ ገላባት ደርሶ ለመመለስም በበቃችው። ግን ሞተሯም ዘይት ትጠጣለች፤ ጣሳዋ ለእሷ ተብላ የተያዘች ናት። በጥርጣሬ ብቻ ለካምቢዮው አይሰጧትም። የካምቢዮውን ዘይት አንድ የጋለ ብረት ላይ ጠብ ቢያደርገው እንኳ ሽታው ይነግረው ነበር፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል። ሰው ግን በለመደው በር ሲገባ ኖሮ በሩ የተዘጋበት እንደሆነ ዞሮ መስኮቱን አያይም። እንግዳው በምላስ ተማረ፣ ምላሱ ታሰረ፣ በዚያው ቀረ።

«መጠበቅ የለም» አለና ብሎኑን አጠበቀው። «እንሂድ።»

በመንገዱ እኩሌታ ላይ እስካለችው ዶካ ድረስ እንደ ልብ ሄዱ። ጀማሉ መሪውን በአንድ ጣት እያዞረ «ወላሂ እጅህ ይባረክ! ሙሽራ አደረግሃት!» ይላል። እንግዳው ፊት ለፊቱን እያየ ማን የት እንደሚቀመጥ ያስባል። ውዴ ከፊት፣ እናኑ እሱ ጭን ላይ። ልጅቱ ታውቀው ይሆን? ትቷት ሲመጣ ጡት አልጣለችም። ልቡ ከፍ ማለት ጀመረ፤ ከፍ ባይል ይሻለው ነበር።

ከዶካ ወዲያ ፀሐዩ በረታ፣ መንገዱም ከፋ። ሦስተኛው ማርሽ ተንገጫገጨ።

«ምንድን ነው?» አለ ጀማሉ።

«ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ርገጠው። ረጋ ብለህ አስገባው።»

ረገጠው፣ ረጋ አለ። አሁንም ተንገጫገጨ። ትንሽ ቆይቶ ሁለተኛው እምቢ አለ። ከዚያ ከእግራቸው ሥር አንድ ነገር ማልቀስ ጀመረ፤ እየጨመረ፣ እየቀጠነ ሄዶ ሄዶ ጓ አለና መኪናዋ ባለችበት ቆመች። የማርሹ ዘንግ በጀማሉ እጅ ውስጥ እንደተነቀነቀ ጥርስ ወዲያ ወዲህ ይል ነበር።

እንግዳው ከሥር ገብቶ የታችኛውን ብሎን ፈታ። ጠዋት ወፍራም የነበረው ዘይት እንደ ውኃ ቀጥኖ ወረደና እጁን ጠበሰው። ከዚያ ሽታው መጣ። የፋሲካ ሽታ ነው፣ የጥብስ። መሬት ላይ ፈስሶ ቀዝቀዝ ሲል ዳር ዳሩ እየረጋ ነጣ፤ በመካከሉም የተፈጨ ብረት ያብለጨልጫል። ለማወቅ ምላስ አላስፈለገም። እንግዳው እዚያው በጀርባው እንደተጋደመ ክንዱን ዓይኑ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

መንገዱ ላይ ሰው ነበር። ከገላባት በእግራቸው የተነሡ፣ በየግራሩ ጥላ ወድቀው የሚያርፉ ሰዎች ናቸው። ሽታው ጠራቸው። አንድ በአንድ እየተነሡ መጡና መኪናዋን ከበቧት። አንዲት አሮጊት የዛገ ቆርቆሮ ይዛ ጎንበስ አለች።

«ልጄ፣ የምታፈሱት እንደሆነ ለኛ ስጡን።»

እንግዳው ከሥር ወጣ። «እናቴ፣ አይበላም። የመኪና ነው፤ መርዝ ነው።»

«ሥጋ ሥጋ ይሸታል እኮ።»

«ሞራ አለበት። ግን ብረትም አለበት፣ አንጀት ይቆርጣል።»

«ሞራ ካለበት ይበላል» አለችና ተንበርክካ የረጋውን በጣቷ ትፍቅ ጀመር።

እንግዳው እጇን ያዘ። ክንዷ ከመዳፉ ውስጥ ጠፋ። ቀና አድርጎ አቆማትና የፈሰሰውን በእግሩ አፈር አለበሰው፣ ረጋግጦ ቀበረው። አሮጊቷ እህል የረገጠ ሰው እንደምታይ አየችው።

«ግፍ ነው» አለችው። «እግዜር ያየሃል።»

ጀማሉ ለማፍጠሪያ የያዘውን ተምር ከነከረጢቱ አምጥቶ ቆርቆሮዋ ውስጥ ገለበጠላት፤ የቀሩትም ወደ እሷ ዞሩ።

በዚህ መካከል ከገላባት በኩል አንድ ሎሪ እያቃሰተ መጣ። ሾፌሩ ቆም አለና በመስኮት ጮኸ። «ያላ! ከኋላዬ ዝናብ ነው! እኔ የመጨረሻው ነኝ፤ ከዚህ በኋላ መኪና የለም፣ ኸላስ!» ላዩ ላይ ሰው ተቀምጧል፣ አልሞላም፤ መንገደኞቹን ሁሉ ጫናቸውና ገና ቦታ ተረፈው።

እንግዳው በሎሪው ዙሪያ እየሮጠ ፊት ሁሉ አየ። «ውዴ! የጭልጋዋ ውዴ!» ብሎ ተጣራ። የመለሰለት የለም። እፎይ አለ። አትነቃነቂ ብሏት ነበር፤ ቃሉን ጠብቃለታለች።

«ና ውጣ» አለው ጀማሉ፣ ከሎሪው ላይ እጁን ዘርግቶ። «እንግዳው፣ በእኔ ሞት፣ ውጣ። ገዳሪፍ ተመልሰን ሌላ ነገር እንፈልጋለን።»

«ሌላ ምን አለ?»

ጀማሉ የያዘውን ዱቄት ወረወረለት። «አላህ ያድርስህ» አለው። ገንዘቡን ያፈሰሰባትን ቦክስ አንዴ ዞሮ አላያትም፤ እንግዳውን ነበር የሚያየው፣ ሎሪው እስኪርቅ ድረስ።

ዝናቡ ሳይውል ሳያድር መጣ። ያ መሬት ውኃ ሲነካው ሌላ ፍጥረት ይሆናል፤ እግርህን ባነሣህ ቁጥር አብሮህ ይነሣል። እንግዳው ጫማውን ጭቃው ነጠቀው። አንዴ ከዛፍ ሥር፣ አንዴ ሰው የሸሸው የእርሻ ጎጆ ውስጥ እያደረ፣ ዱቄቱን በዝናብ ውኃ እየበጠበጠ እየጠጣ ሄደ። ጾሙን አልገደፈም። ሲወድቅና ሲነሣ ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ይጨቃጨቅ ነበር። «እኔ ቃሌን ይዣለሁ፤ አንተስ?» ይለዋል። ደግሞ ይፈራና ይቅርታ ይጠይቀዋል።

ገላባት ሲደርስ የሐኪሙ ድንኳን ከቦታው ተነሥቷል። የካስማው ቀዳዳ ውኃ ሞልቶታል። ዳሱ ግን አለ፣ ዳሱ ሥር ሰው አለ፣ ከሰዉ መካከል ውዴ አለች። በሕይወት አለች። እንግዳው የዳሱን ቋሚ ይዞ ቆመ። እናኑ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች፣ ዓይኗ ገለጥ ብሎ ምንም አያይም። አነሣት። ሸክም አልነበራትም፤ እንደ ታጠበ ልብስ ክንዱ ላይ ተንጠለጠለች። ተነፈሰች፣ ቆየች፣ ደግሞ ተነፈሰች።

«ሐኪሙስ?»

«በመጨረሻው ሎሪ ሄደ» አለች ውዴ። ድምፅዋ ደክሟል፣ ፊቷ ግን እንደ ቀድሞዋ ሊሆን ይታገላል። «አስተርጓሚ ይዞ መጥቶ ለምኖኝ ነበር። ይች ልጅ እዚህ ከቀረች አትተርፍም፣ ቦታ ይዤልሻለሁ፣ ውጪ አለኝ። ታምሬ የነገረኝን ነገርሁት። ባለቤቴ መካኒክ ነው፣ በመኪና መጥቶ ይወስደናል አልሁት።»

እንግዳው አንገቱን ደፋ። ልጅቱን ወደ ደረቱ አስጠጋት።

«እነዚህም እኔን ብለው ነው የቀሩ» አለች ውዴ፣ ከኋላዋ ወደተቀመጡት ሴቶች እየጠቆመች። «ልጆቻቸው ትንንሽ ናቸው፣ ብዙ ቦታ አይዙም፤ ይበቃናል ብያቸዋለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሰውን ጥሎ አይሄድም ብያቸዋለሁ።» ከዚያ ወደ ሴቶቹ ዞረች። «አላልኋችሁም? ይኸው መጣ!»

ሴቶቹ ከእንግዳው ትከሻ በላይ ወደ መንገዱ አዩ። ውዴም አየች።

«መኪናዋን ወዴት አቆምሃት?» አለችው።

ሴቶቹ ጨርቃቸውን እየጠቀለሉ፣ ልጆቻቸውን እያዘሉ መነሣት ጀምረው ነበር።